ደመወዙ ሲቆረጥ መድኃኒቱ ይኖራል?

ከጥቂት ወራት በፊት የታመመ ዘመድ ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። የጤና መድን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የታዘዘላቸው አራት ዓይነት ነው። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አየች፣ ሁለቱን አወጣችላቸው፣ የቀሩትን ሁለቱን በእስክሪብቶ አከበበቻቸው።

«ማዘር፣ እነዚህ የሉም። ከውጭ ነው የሚገዙት።»

«ይሄ ደብተር ውጭ ይሠራል እንዴ የኔ ልጅ?»

«አይሠራም።»

ሴትየዋ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ከኋላዬ ያለው ሰው ሰልፉ እንዲሄድ ገፋ አደረገኝ። ነገሩ በሙሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ሰዉ ስለ ጤና መድን ሲጨቃጨቅ እኔ ትዝ የምትለኝ ያቺ ደቂቃ ናት። ጭቅጭቁ ሁሌም ስለ መቶኛ ነው። ከደመወዛችን 3 በመቶ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ? በዛ ወይስ አነሰ? እኔ ግን 3 በመቶው ያን ያህል የሚያጣላ አይመስለኝም። የሚያጣላው በእስክሪብቶ የተከበበው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው፤ ብዙ ሰው ሁለቱን መድን አንድ አድርጎ ነው የሚከራከረው። አንደኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ገበሬው፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛው የሚገቡበት። በ2003 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች ተሞከረ። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ ከአንድ ሺህ በላይ ወረዳዎች ደረሰ። ክፍያው በዓመት አንዴ ነው፣ የሚከፈለውም በቤተሰብ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ ከፍለው ልጆቹ አብረው ይታከማሉ፤ 18 ዓመት ላለፈው ልጅ ግን ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል ለማይችል ሰው፣ ማለትም ቀበሌው መርምሮ ምንም የለውም ላለው፣ መንግሥት ይሸፍንለታል።

ሁለተኛው ማኅበራዊ የጤና መድን ይባላል። የደመወዝተኛውና የጡረተኛው ነው። አዋጁ የወጣው በ2002 ነው፤ ቁጥር 690። በ2005 የወጣው ደንብ ደግሞ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ ያዋጡ አለ። ከዚያ ሊጀመር ነው ተባለ። ተራዘመ። እንደገና ሊጀመር ነው ተባለ። ተራዘመ። ሠራተኛው በየስብሰባው ጮኸ፣ መምህራን አንፈልግም አሉ፣ በ2014 ሌላ አዋጅ መጣ። የመጀመሪያው አዋጅ በወጣ ማግስት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁለተኛው ሲወጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ፤ የሚያስቅ ከሆነ። አንድ የገጠር ከተማ ውስጥ የሚያስተምር መምህር አስቡ። የተከራየበት ቤት ባለቤት ገበሬ ናቸው፤ የመድን ደብተር አላቸው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ይታከሙበታል። መምህሩ ደመወዝተኛ ስለሆነ በደንቡ የገበሬው መድን ውስጥ አይገባም። የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አልተጀመረም። ልጁ ሲታመምበት ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ዲግሪ ያለው ሰው ከቤት አከራዩ በታች ሆነ ማለት ነው፣ ያውም አከራዩ አርፈው በተኙበት ሌሊት እሱ የልጁን የላብራቶሪ ሒሳብ ሲደምር።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የአንድ ጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር። በ2005ቱ ደንብ ሒሳብ ብንሄድ ከባለ ዲግሪው በወር 345 ብር፣ ከዝቅተኛ ተከፋዩ 180 ብር ይቆረጣል። በዓመት 4,140 እና 2,160 ብር። መንግሥት እንደ አሠሪ ያንኑ ያህል ይጨምራል።

345 ብር ዛሬ ምን ይገዛል ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ትንሽ የታመመ ሰው ካርድ አውጥቶ፣ ምርመራ አድርጎ፣ አንድ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ሲወጣ ከዚያ በላይ ያወጣል። አንድ ልጅ ሆስፒታል አስተኝቶ ያወጣ ሰው ደግሞ የአራትና የአምስት ዓመቱን መዋጮ በሳምንት ውስጥ እንደከፈለ ያውቀዋል። በሒሳብ ደረጃ መድኑ አያከስርም።

ግን ደመወዝተኛ ሒሳቡን እንዲህ አይሠራም፤ ለምን ይሠራል? ፔሮሉ ላይ መጀመሪያ ግብር አለ። 7 በመቶ ጡረታ አለ። የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ። ለሆነ ነገር መዋጮ አለ፣ ይሄ «የሆነ ነገር» በየዓመቱ ስም ይቀይራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፔሮል ሲፈርም «ሁሉም ቆርጦ የተረፈው ለእኔ ተብሎ ተጻፈ» ይላል። እሱ ጋ ሄዳችሁ መድን ጥሩ ነገር ነው ብትሉት ይስቃል።

መድን የሚባለው ሐሳብ አልገባቸውም የሚል ንቀት አንዳንዴ ከባለሙያዎች እሰማለሁ። ይሄ ስህተት ነው። ይሄ ሕዝብ እድር ያለው ሕዝብ ነው። ማንም ሳይሞትብኝ ለዓመታት ከፈልኩ ብሎ እድሩን የሚከስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየወሩ ይከፍላል፣ ያልመጣ ይቀጣል፣ ያንን ሁሉ የሚያደርገው የሱ ተራ ሲደርስ ድንኳኑ እንደሚተከል ስለሚያውቅ ነው። ድንኳኑን አይቶታል። ጎረቤቱ ቤት ቆሞለት አይቷል። ወንበሩም ድስቱም የት እንደተቀመጠ ያውቃል። የእድሩ ዳኛ ገንዘቡን ቢበላ ቤቱን ያውቀዋል።

የጤና መድንስ? ድንኳኑ ያለው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። እዚያ «የለም» ከተባለ፣ እድርተኛው ለቅሶ ቤት ደርሶ ድንኳኑ ተከራይቷል እንደ መባል ነው። ሁለተኛ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል? ሌብነት ነው የሚል ፈጣን መልስ አለ፣ እሱም የለም አልልም። ግን ሌባ በሌለበትም መድኃኒቱ የሚጠፋበት መንገድ አለ፤ ይሄኛው ነው ብዙም የማይወራለት።

መድን ያለው ሰው ሲታከም ብር አይከፍልም። ደብተሩን ያሳያል፣ ይመዘገባል፣ ይታከማል። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ የታከሙትን ሰዎች ሒሳብ ሰብስቦ ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ ይልካል። መድኑ ያንን መርምሮ ይከፍላል። እስኪከፈል ድረስ ሆስፒታሉ ዕቃውን በዱቤ ሸጧል ማለት ነው። የሰፈር ባለሱቅን አስቡት። ግማሽ ሰፈር በደብተር ይወስዳል። ወር ሲሞላ ቢከፍሉት ስኳሩንም ዘይቱንም መልሶ ያመጣል። ሦስት ወር፣ አምስት ወር ቢያቆዩበት ግን መደርደሪያው ይራቆታል። ባለሱቁ ክፉ ሆኖ አይደለም። መርካቶ ያለው አከፋፋይ ለሱ ዱቤ ስለማይሰጠው ነው።

ሆስፒታልም እንደዚያው ነው። መድኃኒት ሸጦ ባገኘው ብር ነው ቀጣዩን መድኃኒት የሚገዛው፤ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ገንዘብ የሚባለው ለዚያ ነው። ብሩ መዞር ሲያቆም መድኃኒቱም ያቆማል። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ከምንጠቀመው መድኃኒት አብዛኛው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። በጥር በዱቤ የተሰጠ መድኃኒት ሒሳቡ በሰኔ ቢከፈል፣ በዚያ ብር ያንኑ ያህል መድኃኒት መልሶ መግዛት አይቻልም። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ሆስፒታሉ ይከስራል።

እዚህ ላይ ነው ያ ሁላችንም የሰማነው ጥርጣሬ የሚመጣው። «ለመድን የለም፣ በካሽ ግን አለ» የሚባለው። እውነት ይሁን አይሁን በየቦታው ይለያያል። ግን አስቡት፤ አንዱ ደንበኛ አሁን ይከፍላል፣ ሌላው ከአምስት ወር በኋላ ይከፈልለታል፣ የቀረው ደግሞ ሁለት ካርቶን ነው። ፈተናው የተዘጋጀው በአሠራሩ ነው፣ ፋርማሲስቷ መልአክ ካልሆነች በቀር ማለፉ ይከብዳል።

መድኃኒት ያጣው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን አያድስም። ማን ነው ግን የማያድሰው? ጤነኛው። ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ በየወሩ ክትትል ያለው ሰው ግማሹን መድኃኒት እንኳ ካገኘ ያዋጣዋል፣ ያድሳል። ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ያልረገጠው ሰው ነው «ለምን እከፍላለሁ» የሚለው። ጤነኞቹ ሲወጡና ታማሚዎቹ ሲቀሩ መዋጮው ወጪውን አይችልም። ክፍያው የበለጠ ይዘገያል። መደርደሪያው የበለጠ ይራቆታል። ዙሩ እንዲህ ነው።

መንግሥት ግዴታ ይሁን የሚለውም ለዚህ ነው። በፈቃድ ከሆነ የታመመው ብቻ ይገባል፤ ወላድ ብቻ የምታዋጣበት የአራስ ጥሪ እንደማለት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ የጤና መድን የሠራባቸው አገሮች ሁሉ በሆነ መልኩ ግዴታ አድርገውታል። ችግሩ እኛ አገር ግዴታ የሚለው ቃል ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ወረዳው ኮታ ይሰጠዋል፣ ቀበሌው ኮታውን ለማሟላት ይሯሯጣል፣ ከዚያ ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ገበሬ መጀመሪያ የመድን ደረሰኝ አምጣ ይባላል የሚል ስሞታ ይሰማል። ገበሬው ከፈለ። ሪፖርቱ ላይ አባል ሆነ። ልቡ ግን አባል አልሆነም፣ ነገሩንም እንደ ሌላ ግብር ቆጠረው። ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ሲያጣ ደግሞ አልደነቀውም።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የቋቱ ስፋት ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ሲቋቋም ገንዘቡ የሚቀመጠው በየወረዳው ነበር። እድር ያለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አርባ አባል ባለው እድር በአንድ ወር ሦስት ሰው ቢሞት ካዝናው ባዶ ነው። አራት መቶ አባል ያለው አይሰማውም። ወባ የበረታበት ወይም ሪፈራል ሆስፒታል ደጁ ላይ ያለበት ወረዳ ቋቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ደጋ ያለው ጎረቤት ወረዳ ደግሞ ይተርፈዋል፣ ግን አያካፍልም። ቋቱን ወደ ዞንና ወደ ክልል ከፍ እናድርገው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ደመወዝተኛውን ለብቻው፣ ገበሬውን ለብቻው ማድረጉም ያው አርባ አባል ያለው እድር መመሥረት ነው፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ብቻ። በየወሩ የሚገባ ቋሚ ብር ያለው ደመወዝተኛው ጋ ነው፣ ብዙው ሕዝብ ደግሞ ገበሬው ጋ። አንድ ቀን ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም፤ የደመወዝተኛው አንዱ ፍርሃትም ይሄ ነው፣ በይፋ ባይናገረውም። የኔ 3 በመቶ ለኔ ነው ወይስ ለሌላው? መልሱ ለሁለቱም ነው። መድን ማለት እሱ ነው። ይሄን ፊት ለፊት የሚናገር ባለሥልጣን ግን ብዙም አላየሁም።

ቤተሰብ የሚለው ቃልም አለ። በማኅበራዊው መድን ቤተሰብ ማለት የትዳር ጓደኛና 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። እስቲ የኛን ቤት እንይ። አንድ ደመወዝተኛ አስቡ፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ልጅ የለውም፣ ጤነኛ ነው። ደመወዙ ላይ የተንጠለጠለው ግን እናቱ ናት። ግፊት አለባት፣ ዓይኗን ያማታል፣ አጠገቡ ነው የምትኖረው። ከሱ ይቆረጣል፣ እናቱ አትታከምበትም። እሱ ጋ ሄዶ «ለራስህ ነው» ማለት ከባድ ነው፤ ራሱ የሚለው እናቱን ጨምሮ ነዋ። ወላጅን መጨመር ወጪውን እንደሚያንረው ይገባኛል፣ አረጋዊ ብዙ ይታከማል። ትንሽ ተጨማሪ ከፍሎ ወላጅን ማስገባት የሚቻልበት በር ቢከፈት ግን ግማሹ ተቃዋሚ ነገ ፎርም ይሞላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጎረቤቶቻችንን ማየት ይጠቅማል። ኬንያ የድሮውን የጤና መድን ፈንዷን አፍርሳ ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲስ አመጣች። ከጠቅላላ ደመወዝ 2.75 በመቶ፣ ጣሪያ የሌለው። በፊት ከፍተኛው መዋጮ 1,700 ሽልንግ ነበር፤ ደህና የሚከፈላቸው ሰዎች ባንዴ እጥፍና ከዚያ በላይ ተቆረጠባቸው። ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጎቹ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እንዲቀጥል ፈቀደ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ትርምስ ነበሩ። ሆስፒታሎች የድሮው ፈንድ ዕዳችንን አልከፈለንም እያሉ አዲሱን ካርድ የያዘውን ሰው በካሽ ክፈል ይሉት ነበር። እዚያም ነገሩ የተበላሸው ያው የዱቤ ደብተሩ ላይ ነው።

ጋና በ2003 በራሳቸው አቆጣጠር ሕግ ስታወጣ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ዋናው ገንዘብ የሚመጣው በዕቃና በአገልግሎት ላይ ከሚጣል 2.5 በመቶ ቀረጥ ነው። ደመወዝ የሌለውም ነጋዴ፣ ሳሙና የሚገዛውም ሁሉ ያዋጣል፣ ማንም ፔሮሉ ላይ አያየውም። የዋጋ ንረት ለሰለቸው ሰው ይሄም ቀላል አይደለም፣ ግን ደመወዝተኛው ብቻ ጀርባ ላይ አልተጫነም። ሩዋንዳ ደግሞ ሕዝቡን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ፣ ደሃውን መንግሥት እየከፈለለት፣ ከአሥሩ ሰው ከስምንት በላይ ወደ መድኑ አስገብታለች። የእኛ የገበሬው መድን የተቀዳው ከዚያ መንገድ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ በሬ ሦስት ያለውና አንድ በግ ያለው ሰው እኩል መክፈላቸው ነበር።

ለምን አሁን ተቸኮለ የሚሉ አሉ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካየን መልሱ ግልጽ ነው። የአገራችን የጤና ወጪ በሦስት ጉልቻ ላይ የተቀመጠ ድስት ነው። አንዱ ሲሶ የሚሆን የመንግሥት ነው፣ አንዱ ሲሶ የሚሆን ከሕዝቡ ኪስ በቀጥታ ይወጣል፣ አንዱ ሲሶ የሚሆን የውጭ ዕርዳታ ነው። በጥር 2017 አሜሪካ ዕርዳታዋን ስታቆም ሦስተኛው ጉልቻ ተነቃነቀ። የአፍሪካ መንግሥታት በ1993 በአቡጃ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ፈርመው ነበር፤ የእኛም ፊርማ አለበት፣ ብሩ ግን እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ድስቱ እንዳይደፋ የሕዝቡን ኪስ በሥርዓት ማሰባሰብ ሊቀር የማይችል ነገር ሆኗል። ሕዝቡ እኮ አሁንም እየከፈለ ነው። የሚከፍለው ግን በታመመ ቀን ነው፤ በግ ሸጦ፣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ ወርቅ አስይዞ።

ስለዚህ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። መድኑ ይጀመር። 3 በመቶውም ይቆረጥ። ግን አጀማመሩ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። እስካሁን የምንሰማው ዕቅድ መጀመሪያ ቆረጣ፣ ከዚያ አገልግሎቱ ቀስ እያለ ይሻሻላል የሚል ነው። ሰው ይሄን ዘፈን ስንት ጊዜ ሰምቷል።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄያቸው አንዱ እኛ ስንታመም ማን ያሳክመን የሚል ነበር። ሐኪሙ ራሱ መታከሚያ ባጣበት አገር ደመወዝተኛውን አምነህ ክፈል ለማለት ከቃል በላይ ነገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ደንቡ ውስጥ መድኑ ለሆስፒታሉ በስንት ቀን እንደሚከፍል በቁጥር ይጻፍ፤ ካዘገየም ወለድ ይክፈል፣ እኛ መብራት ስናዘገይ እንደምንቀጣው። ቢያንስ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለአስምና ለልጆች ሕክምና የሚያስፈልጉ መድኃኒቶች ሁሌም መኖር ያለባቸው ተብለው ስማቸው በየመስኮቱ ይለጠፍ። ከነዚህ አንዱ ሲጠፋ ደግሞ ታካሚው ማኅተም የተደረገበት ወረቀት ይዞ ውል ካለው የግል ፋርማሲ ይውሰድ፣ ሒሳቡን መድኑና ሆስፒታሉ እዚያው ይጨራረሱ።

ያን ቀን ሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ሦስት የግል ፋርማሲዎች ተደርድረው ነበር። ሴትየዋ ወደ መጀመሪያው ገቡ፣ ዋጋ ጠይቀው ወጡ። ወደ ሁለተኛው ገቡ። እኔ ታክሲ ስይዝ ሦስተኛው በር ላይ ቆመው መቀነታቸውን እየፈቱ ነበር።